የወሬ ኬላ

«ወሬ ቢበዛ በአህያ አይጫንም» የሚለውን ተረት ያወጣ ሰው መተማን አላያትም። ከጎንደር ቁልቁል ወርዶ፣ ከድንበሩ ማዶ ያለችውን የሱዳኗን ገላባት ተሻግሮ ወደ ገዳሪፍ በሚዘልቀው መንገድ ወሬ ከቡናውና ከሰሙ፣ ከዝባዱና ከዝሆን ጥርሱ እኩል ሲጫንና ሲራገፍ፣ ዋጋም ሲወጣለት ኖሯል። ዛሬ በዚያው መንገድ ዳር ስልኩን ይዞ የሚቆመውን፣ ያየውን ቀርጾ ለማያውቀው ሰው የሚልከውን ወጣት «የይዘት ፈጣሪ» እንለዋለን። ስሙ አዲስ ስለሆነ ሥራውም አዲስ ይመስለናል። አዛውንቱ ሥራ ፈትነት ነው ይሉታል፤ ወጣቶቹ ደግሞ ከእነሱ በፊት እንዲህ ያለ እንጀራ እንዳልነበረ ያስባሉ። ሁለቱም የሳቱ ይመስለኛል። የዚህ ሰው የቀን ውሎ ክፍሎች አንድ በአንድ በገላባትና በመተማ የሦስት መቶ ዓመት ታሪክ ውስጥ ይገኛሉ። ልዩነቱ ያኔ ወሬን የሚያመጣው፣ የሚጽፈው፣ የሚያረጋግጠውና የሚያውጀው ሰው ለየቅል መሆኑ ነው፤ ዛሬ አራቱንም አንድ ሰው ጠቅልሎ ይዟቸዋል። ሁሉም የሚያነሳው ፍጥነቱን ነው። እኔ ግን የዘመኑ ዋና ለውጥ የሥራ ክፍፍሉ መፍረስ ነው እላለሁ።

በመጀመሪያ ውሎውን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ጊዜው ጥቅምት ነው እንበል። ሰሊጡ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ እንዲደርቅ «ሂላ» በሚባለው ክምር ቆሟል፤ ከደጋ የወረደው ሠራተኛና በቆላው «ሳሉግ» የሚባለው የቀን ሠራተኛ ከእርሻ እርሻ ይዘዋወራል። የይዘት ፈጣሪው የመጀመሪያ ሥራ ስልኩና ፓወር ባንኩ ሞልተው ማደራቸውን ማየት ነው። በቆላ ሙቀት ስልክ ፀሐይ ላይ ከዋለ ግሎ ስለሚዘጋ፣ ቀረጻ የሚያመቸው ከረፋዱ በፊት ወይም ከአሥር ሰዓት በኋላ ነው። ከዚያ መናኸሪያ ይወጣል። ከሾፌርና ከረዳት መንገዱ ሰላም መሆኑን፣ ከደላላ የአጨዳ ዋጋ ስንት እንደገባ፣ ከተሻጋሪው የማዶውን ሁኔታ ይጠይቃል። ከሰማው ብዙው አይቀረጽም፤ ከተቀረጸውም ብዙው አይወጣም። ማታ ካፕከት በተባለው መተግበሪያ ቪዲዮውን ይቆርጣል፣ ነፋስ የበላውን ድምፅ በራሱ ድምፅ ይተካል፣ ርዕስ ይሰጣል፣ ተምኔል ያበጃል፣ ኔትወርኩ ቀለል እስኪል ይጠብቃል፣ ይጭናል። ጭኖም አይተኛም፤ «ይሄ የት ነው?»፣ «ያምናው ቪዲዮ ነው»፣ «ወንድሜን አይተኸዋል ወይ?» የሚሉ ኮሜንቶች ይመጣሉ፤ መልስ ካልሰጠ ተመልካቹ ይሸሻል። ሰው የሚያየው አንድ ደቂቃ ነው፤ ከአንዱ ደቂቃ ጀርባ ያለው ቀን ግን በጥያቄና በጥበቃ ያለቀ ነው።

ጥያቄና ጥበቃ ደግሞ የዚህ ስፍራ የቆየ ሙያ ነው። ገላባትን የንግድ ከተማ ያደረጓት ተክሩሪዎች ናቸው፤ ከዳርፉርና ከዚያ ወዲያ ካለው የምዕራብ አፍሪካ አገር ወደ መካ ሲመላለሱ እዚያው ቀርተው የሰፈሩ ሐጃጆችና ዘሮቻቸው። በ1850ዎቹ መሪያቸው ሼህ ጁማ ለኢትዮጵያም ለግብፅም ይገብር ነበር። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1854 ዓ.ም ሲያልፍ ያያት መተማ የሐበሻ ነጋዴና የሱዳን ነጋዴ የሚገናኙባት ገበያ ነበረች። ለሁለት ጌታ የሚገብር ከተማ የሁለቱንም ጌቶች ጠባይ በየቀኑ ማወቅ አለበት። ማን ዘመተ፣ ማን ታመመ፣ የትኛው ኬላ ቀረጥ ጨመረ፣ የትኛው ወንዝ ሞላ፤ ይህን ያላወቀ ነጋዴ ሸቀጡን ብቻ ሳይሆን ነፍሱንም ያጣል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1764 ዓ.ም ከጎንደር ወጥቶ ራስ ፊል ይባል በነበረው በዚሁ ወሰን በኩል ወደ ስናር ሲጓዝ፣ ዛሬ ገዳሪፍ በምንለው አገር የቴዋው ሼህ ፊዴል አግቶ አስቀመጠው። ከዚያ ያወጣው መሣሪያው ሳይሆን ወደ ራስ ፊሉ ሹም ወደ ያሲን የላከው መልእክት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሳል፤ ቀላልም አይደለም። የሲራራ ነጋዴው እንጀራ ቡናና ሰም ነበር፣ ወሬው የመንገድ ትርፍራፊ ነው፣ ስለዚህ ከዛሬው ባለሙያ ጋር ማወዳደር አይሆንም የሚል ነው። እውነት አለበት፤ በጥንቱ መተማ በወሬ ብቻ የሚተዳደር ሰው ነበር ብዬ አልከራከርም። ነገር ግን ትርፍራፊ የሚለው ቃል ነገሩን ያሳንሰዋል። ቀዳማዊ ዐፄ ኢያሱ ሐኪም ባስፈለጋቸው ጊዜ ወደ ካይሮ የላኩት ሐጂ ዓሊ የተባለውን ነጋዴ ነው፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ በ1691 ዓ.ም በስናር በኩል ጎንደር የገባው እሱን ተከትሎ ነው። የንጉሥ ቃል በነጋዴ እጅ ይሄድ ከነበረ መልእክት የንግዱ አንድ ክፍል ነበር ማለት ነው፤ ነጋዴው ያንን በማድረጉ የሚያገኘው ሞገስም እንደ ብር የሚቆጠር ነው። ደግሞስ ዛሬ በድንበሩ ስልክ ይዞ ከሚውለው ስንቱ በዚያ ብቻ ይኖራል? አንዱ ባጃጅ ይነዳል፣ አንዱ በሰሊጥ ድለላ ላይ ነው፣ አንዱ ሱቅ ይጠብቃል። ወሬው አሁንም የሌላ ሥራ ጎረቤት ነው።

ክፍፍሉ ምን ይመስል እንደነበር ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየኝ የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ የሆርሙዝድ ራሳም ጉዳይ ነው። የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮን በዐፄ ቴዎድሮስ ታስሮ ነበርና ራሳም የንግሥት ቪክቶሪያን ደብዳቤ ይዞ በ1856 ዓ.ም ክረምት ምጽዋ ደረሰ። ደጋግሞ ቢጽፍም መልስ ያገኘው ከዓመት በኋላ ነው። መልሱ በመተማ በኩል እንዲገባ ይፈቅዳል፤ ፊርማም ማኅተምም ግን አልነበረበትም። ራሳምና አብረውት የተላኩት ዶክተር ብላንክና ሌተናንት ፕሪዶ በከሰላ በኩል ዞረው ኅዳር 1858 መተማ ደረሱ፤ ከዚያም እንደገና ጽፈው ከወር በላይ ተቀመጡ። ንጉሡን ፊት ለፊት ያዩት በጥር ነው። በዚህ መካከል የተሳተፈውን ሰው ቁጠሩ። ዐረብኛ የሚያውቀው፣ የሞሱል ተወላጁ ራሳም ሐሳቡን ያመነጫል፤ አስተርጓሚው ወደ አማርኛ ይመልሳል፤ መልእክተኛው ደረት ላይ ሸጉጦ ወደ ደጋ ይወጣል፤ በቤተ መንግሥቱ ሌላ ሰው ያነባል፤ ንጉሡ ይወስናል፤ ጸሐፊው ሰላምታውን አስቀድሞ መልሱን ይጽፋል፤ ማኅተም ያዥ ያትማል ወይም ሳያትም ይተዋል። አንዱ የሌላውን ሥራ አይነካም፤ ተሸካሚው የማያነበውን ነው የሚሸከመው። ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ያን ያህል ያስጨነቃቸውም ለዚህ ነው፤ ከሰንሰለቱ አንድ ቀለበት ጎደለ፣ ስለዚህ የቀሩት ሁሉ ተጠረጠሩ። ዛሬ አንድ ወጣት «ይህን ራሴ ነኝ የቀረጽኩት» ሲል ሃሳብ አመንጪ፣ ጸሐፊ፣ ተሸካሚና ማኅተም ሆኖ ይናገራል፤ ቀለበቱ አንድ ብቻ ስለሆነ ሲላላ የሚያስታውቅ ሌላ ቀለበት የለም።

ማረጋገጥ በራሱ ምን ያህል ሥራ እንደነበር መጋቢት 1881 ይመሰክራል። በመተማው ጦርነት የመጀመሪያ ቀን የዐፄ ዮሐንስ ጦር የደርቡሽን ምሽግ ጥሶ ገብቶ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ቆስለው በማግስቱ ሲያርፉ ድሉ ተገለበጠ። ሠራዊቱ አስከሬኑን ይዞ ሲያፈገፍግ የደርቡሹ አዛዥ የዘኪ ቱማል ሰዎች ደርሰው ማረኩት፤ የንጉሠ ነገሥቱም ራስ ኦምዱርማን ለደርቡሾቹ መሪ ለከሊፋ አብዱላሂ ተላከ። ከተማዋ ዛሬ መተማ ዮሐንስ መባሏ የዚያ ቀን ትዝታ ነው። ጭካኔው ግልጽ ነው፤ ለታሪክ ጸሐፊ ግን ሌላ ጥያቄም አለ። ከሊፋው ለምን ደብዳቤ ብቻ አልበቃውም? በዚያ ጦርነት በሁለቱም ወገን የድል ወሬ ይነገር ነበር፤ ከዓመት በፊት በጥር 1880 የሌላው የደርቡሽ አዛዥ የአቡ አንጃ ጦር ጎንደርን አቃጥሎ ሲመለስም ወሬው ከጦሩ ቀድሞ ሄዷል። ንጉሠ ነገሥት ሞተ የሚለውን ቃል ግን ያለ ማስረጃ የሚያምን አልነበረም። ማስረጃ ማጓጓዝ የሠራዊት ሥራ ነበር፤ ማሳየት የገዥው፤ ቆሞ አይቶ ማመንም አለማመንም የሕዝቡ። የዛሬው ሰው የሞተን ገላ በስልኩ ሲያሳይ ማጓጓዙንም ማሳየቱንም በአንድ ጣት ይፈጽማቸዋል። ሟቹ ቤተሰብ እንዳለው የሚያስታውስ ሰው በመካከል የለም። ይህን የምለው ወጣቱን ከከሊፋው ጋር አንድ ለማድረግ አይደለም፤ ይልቅስ ከሊፋው የነበረው ደረጃና ሥርዓት እንኳ ለወጣቱ እንደሌለው ለማሳየት ነው።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም በኢትዮጵያና በእንግሊዝ መካከል በተፈረመው የወሰን ውልና በማግስቱ ዓመት እንግሊዛዊው ሻለቃ ግዊን ባሰመረው መስመር ገላባት ለሱዳን፣ መተማ ለኢትዮጵያ ሆኑ። የባቡር ሐዲድ በ1920ዎቹ መግቢያ ገዳሪፍ ሲደርስ የሱዳኑ ወገን ወሬ በባቡርና በቴሌግራፍ፣ የእኛው ወገን በበቅሎና በእግር ሆነ፤ የፍጥነት ልዩነቱ ለነጋዴው ትርፍ ነበረው። ዋናው ነገር ግን የመጣው በጣሊያን ጦርነት ጊዜ ነው። ጣሊያኖች ሰኔ 27 ቀን 1932 ገላባትን ያዙ። እንግሊዞች በዚያው ክረምት የዐፄ ኃይለ ሥላሴን አዋጅ፣ ከነማኅተማቸው ታትሞ፣ ከአውሮፕላን በወረቀት አዘነቡ። የፕሮፓጋንዳ ክፍሉን የሚመራው ቀድሞ በ1928ቱ ጦርነት ዘጋቢ የነበረው ጆርጅ ስቲር ነው። ከካርቱም «ባንዲራችን» የተባለ የአማርኛ ጋዜጣም ይወጣ ጀመር። ጥቅምት 27 ቀን 1933 የእንግሊዝ ጦር አዛዡ ብርጋዴር ስሊም ገላባትን አስለቅቆ መተማን ሳይዝ ሲቀር፣ ወረቀቱ ከተኩሱ ቀድሞ ተሻግሮ ነበር። ወረቀቱን በአንድ ሰው እጅ የተሠራ አድርጎ የሚያስብ ይሳሳታል፤ ጸሐፊ፣ አስተርጓሚ፣ ማኅተም ሰጪ ንጉሥ፣ ፊደል ለቃሚ፣ አብራሪ፣ ከሜዳ የሚያነሳ አርበኛ፣ ለማያነበው የሚያነብ ደብተራ ወይም ዲያቆን ተሰልፎበታል።

«ታዲያ ያ ሁሉ ሰው መሰለፉ ምን ጠቀመ? ያም ፕሮፓጋንዳ ነው፤ የዛሬው ቢያንስ ያየውን ያሳያል» የሚል ካለ ትክክል ነው፣ የብዙ ሰው እጅ እውነትን አያስገኝም። የስቲር ወረቀት የጦር መሣሪያ ነበር፤ አብሮ ሊያወራ አልነበረም የወረደው። ከንጉሥ ማኅተም በታችም ውሸት ሊጻፍ ይችላል። የእኔ ነጥብ ክፍፍሉ ሐቀኞችን ይፈጥር ነበር የሚል አይደለም። ክፍፍሉ ጊዜ ይፈጥር ነበር። በእያንዳንዱ እጅ ወሬው ይቆማል፤ ሲቆም አንዱ «ይህ ይነገር ወይስ ይቆይ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መጠየቁ ደግሞ አንዳንዴ ነፍስ ያድናል።

ለዚህ ከገዳሪፍ የተሻለ ምስክር አላውቅም። በ1977 ዓ.ም ድርቁና ጦርነቱ የገፋው ሕዝብ በኡም ራኩባና በተዋዋ መጠለያዎች ሞልቶ ነበር፤ ከመካከሉ ከጎንደር በእግር የመጡ ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። ከኅዳር ጀምሮ ሌሊት ሌሊት በአውቶቡስ ወደ ካርቱም፣ ከዚያ በአውሮፕላን በአውሮፓ በኩል ወደ እስራኤል ይወሰዱ ጀመር። የእስራኤል ጋዜጦች ነገሩን ያውቁ ነበር፤ በሳንሱር ጥያቄ ግን ለሳምንታት ዝም አሉ። ኋላ አንድ ባለሥልጣን ለአንዲት አነስተኛ የሰፋሪዎች መጽሔት የሰጠው ቃል ታተመ፣ የዓለም ጋዜጦች ተቀባበሉት፣ የሱዳን መንግሥትም በታኅሣሥ መጨረሻ መንገዱን ዘጋው። እስከዚያ ድረስ ስምንት ሺህ ገደማ ሰው ሄዷል። የቀሩት ጥቂት መቶዎች በመጋቢት ከገዳሪፍ አጠገብ ካለ ሜዳ በአሜሪካ አውሮፕላን እስኪወሰዱ በመጠለያው ጠበቁ። ስለ ሳንሱር መልካም ነገር መናገር ለጋዜጠኛ ይከብደዋል፤ እኔም ሳንሱርን አልወድም። ነገር ግን በዚያ ጉዳይ የዝምታው ሳምንታት ለሺዎች መንገድ ነበሩ፤ የአንድ ሰው አንደበት ደግሞ መንገዱን ዘጋ። ይህንን ያደረገው ሰው እንኳ ቃሉን ለመጽሔት ሰጠ እንጂ ራሱ አላተመውም፤ አዘጋጅና ማተሚያ ቤት ነበሩበት፤ እነሱም አላስቆሙትም። ዛሬ በዚያው ሠፈር አንድ ሰው ሌሊት የሚንቀሳቀስ አውቶቡስ ቀርጾ ላይቭ ቢገባ የሚያስቆመው ማን ነው? ራሱ ብቻ፤ ያውም ደክሞት፣ ተመልካች ሲጠብቀው፣ ሌላው ሳይቀድመው በሚል ጥድፊያ።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከራሳቸው ከባለሙያዎቹ ይመጣል። «ዛሬም እኮ ክፍፍል አለ፤ በአዲስ አበባ ትልልቆቹ የዩቲዩብ ቤቶች ካሜራማን፣ ኤዲተር፣ ጸሐፊ፣ አቅራቢ አላቸው» ይላሉ። አላቸው፤ ግን እነሱ ስቱዲዮ ውስጥ ናቸው እንጂ ድንበር ላይ አይደሉም። ከመተማና ከገላባት የሚወጣው ምስል ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከአንድ ሰው ስልክ ነው፤ ቤቶቹ ያንን ወስደው ድምፅ ይጨምሩበታል። እንዲያውም የድሮው ሠንሰለት ተገልብጧል፤ ያኔ ያልተረጋገጠ ወሬ ወደ ላይ እየወጣ ይጣራ ነበር፣ ዛሬ ያልተረጋገጠ ምስል ወደ ላይ እየወጣ ይደምቃል። «አልጎሪዝሙስ አያጣራም ወይ?» ቢባል፣ አልጎሪዝም ኬላ እንጂ አረጋጋጭ አይደለም። የድሮው ነጋድራስ ኬላው ላይ ሸቀጡን አይቶ ቀረጡን ይናገር ነበር፤ ቢበድልም ፊቱ ይታወቃል፣ ሊለመን፣ ሊከሰስም ይችላል። የዛሬው ኬላ ምን እንደሚያሳልፍና ምን እንደሚያስቀር አይናገርም፤ ስለዚህ ወጣቱ የትናንቱን ቪዲዮ ስንት ሰው እንዳየው እያሰላ የነገውን ይገምታል። ትናንት ያለፈው ጩኸት ከሆነ ነገም ይጮኻል። ሰላም የዋለ መንገድ፣ በሰዓቱ የደረሰ አውቶቡስ፣ ዋጋው ያልተለወጠ ሰሊጥ ለነጋዴው እጅግ ጠቃሚ ወሬ ነበር፤ ለዚህ ኬላ ግን ሸቀጥ አይደለም።

ከሁሉ የሚገርመው ኔትወርኩ ሲጠፋ የሚሆነው ነው። ሱዳን በሚያዝያ 2015 ጦርነት ውስጥ ስትገባ የካርቱም ሰው በገላባት በኩል ወደ መተማ ጎረፈ፤ ብዙም ሳይቆይ በኩመር የስደተኞች መጠለያ ተከፈተ። ከሐምሌው ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። በጥር 2016 በሱዳን የስልክ መስመሮቹ በአገር ደረጃ ጠፉ። በየከተማው የስታርሊንክ ሳህን ያቆሙ ሰዎች ኢንተርኔት በሰዓት ይሸጡ ጀመር። በአንድ ጊዜ የአንድ ሰው ሥራ እንደገና የብዙ ሰው ሆነ። አንዱ ያየውን ለሾፌር ይነግራል፣ ሾፌሩ ለሌላው ያደርሳል፣ ሳህኑ ያለው ያስገባል፣ በውጭ ያለ ዘመድ ተቀብሎ ለቤተሰቡ ያዳርሳል። በሰዓት የሚከፍል ሰው ቪዲዮ አያበጅም፣ ርዕስም አያሳምርም። ተራውን ጠብቆ ቁጭ ይልና የሚጽፈውን አስቀድሞ በልቡ ያዘጋጃል፤ ማን በሕይወት እንዳለ፣ ማን የት እንደደረሰ፣ ገንዘብ በማን በኩል ይላክ። ሰዓቱ ሲያልቅ ለሚቀጥለው ሰው ይለቃል።